በቁመቴ የተቆረጠው ሾላ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ባለፈው ሰኞ ለጠየቀችኝ ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው። የደሜን መድኃኒት ልቀበል ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ወረፋዬ ደርሶ ገባሁ። ሲስተሯ አዲስ ናት። ካርዴን ገለባብጣ አየችውና፣ አባባ ይህ ተቀዳዷል፣ ወደ አዲስ ልገልብጥልዎት አለችኝ። ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ። ዕድሜዬን በግምት ነገርኳት። ከዚያ የሳንባ ነቀርሳ ታመው ያውቃሉ ወይ ስትል አዎ አልኩ። ዓመቱን ስትጠይቀኝ በትክክል አላስታውስም አልኳት።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ዓመትን በቁጥር አልይዝም፣ በሆነ ነገር ነው የምይዘው። ቦርከና ሞልቶ የጎረቤታችንን በሬዎች የወሰደበት ዓመት፣ ወፍ ማሽላውን እሸት ሳይል የጨረሰበት ዓመት እያልኩ። ይህኛውን የያዝኩት በአንድ ዛፍ ነው። ሾላው የቆመበት ዓመት ነው ብላት ምን ብላ ልትጽፈው ነው?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ከኋላዬ፣ ደጅ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳለ። ሁለት አጭር። ከዚያ ዝም፤ ሰው የራቀ ድምፅ ሊሰማ ጆሮውን ሲጥል የሚሆነው ዓይነት ዝምታ። ከዚያ አንድ ረዥም። ማጅራቴ ላይ ብርድ ተሰማኝ። ያን ሳል አውቀዋለሁ። የሲራጅ ሳል ነው። ከሱ በኋላ ደግሞ የኔ ነበር።

ሲራጅ ጓደኛዬ ነው። ሰፈራችን ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በእግር አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። አብረን አደግን፣ አብረንም በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጠርን። ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁለቱን እንወርድና የአፋርን በረሃ አቋርጠን እስከ ጅቡቲ ጠረፍ እንሄዳለን። በረሃው ውስጥ የመኪናው ብረት ላይ ቂጣ ይጋገራል ብንል አልዋሸንም። ያን ጊዜ መኪና ላይ ያለ ልጅ ኪሱ አይደርቅም፤ ባደረበት ከተማ ሁሉ አልጋ አለ፣ ከአልጋው ጋር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ዝርዝሩን ልተወው፤ የሰፈራችን ኢማምም ያነቡት ይሆናል።

ቁመታችን አንድ ነበር። ሱሪ እንዋዋሳለን። ከሩቅ ያየን ሰው እኔን ሲራጅ፣ እሱን ሙሄ ብሎ ይጣራል፤ የተጠራው ዝም ብሎ አቤት ይላል።

ቀድሞኝ ታመመ። ደሴ ሄዶ ደሙን ተመረመረና ወረቀቱን ለኔ ብቻ አሳየኝ። አሳይቶኝ ሲያበቃ ሳል መጣበት፤ ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ሳለበት። አንስቶ አየውና፣ "ይኸው፣ ፈረምኩበት" አለኝ። እንደዚህ ያለ ልጅ ነበር።

ያን ጊዜ ለደም የሚሆን መድኃኒት ወደኛ አልደረሰም። በወሬ እንሰማለን እንጂ ያየው ሰው አላየንም። እናቱ የኋላውን ክፍል ለቀቀችለትና እዚያ አስተኛችው። ሰው እንዳያየው በሩን ዘጋች፣ ነፋስ እንዳይመታው መስኮቱን በጆንያ ወተፈችው። እኛም ወዳጃ አደረግንለት፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣ ጫት ይዘን፣ አላህ እንዲያሽረው ስንለምን እንውል ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከራስጌው ነኝ። እየሳለ አሚን ይላል። ከመሀላችን አንድም ሰው ሳሉ ራሱን የቻለ ነገር ነው ብሎ አላሰበም። ሳሉ የዚያ በሽታ ድምፁ ነው ብለን ነበር። ለበሽታው መድኃኒት ከሌለ ድምፁን ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል?

የሞተው እሑድ ነው። እሑድ መሆኑን የማውቀው የሰንበቴ ከተማ ገበያ ቀን ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልክ ልንገራችሁ። በኛ ቅሬ፣ ማለትም ሰው ሲሞት በሚቀብረው የሰፈር ማኅበራችን፣ ጀናዛው ከአናት እስከ ተረከዝ በደረቅ ዘንግ ይለካል። ዘንጉ ከቆፋሪዎቹ ጋር ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ሲያልቅ ተሰብሮ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ሰው የተለካበት እንጨት ከመሬት በላይ አይቀርም። የሚለኩት ሸህ ኡመር ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ፍየል ሊሸጡ በሌሊት ሰንበቴ ወርደዋል። እኛ ጎልማሶቹ ዶማና አካፋ ይዘን ቀድመን ወጣን። መቃብሩ ከቦርከና ከፍ ብሎ ካለች ጉብታ ላይ ነው። ልኩ እንዳልመጣ ያወቅነው ጉድጓዱን ከጀመርን በኋላ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች፤ ጀናዛው መንገድ ጀምሯል።

የቆፋሪዎቹ አለቃ አያ ይመር ዶማቸውን ተደግፈው ቆመው እኔን አዩኝ።

"አንተ አይደለህ ከሱ ጋር ሱሪ የምትዋዋስ? ኮቱ፣ እዚህ ቁም" አሉ። በኦሮምኛ ና ማለታቸው ነው።

አንዱ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ሌላው ወደ ወንዙ ሮጦ ከሾላ ላይ ቀጥ ያለ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣ። ጀርባዬ ላይ አቆሙት። ገጀራው አናቴ ላይ ሲያልፍ ነፋሱ ፀጉሬን ነካኝ። ሾላ ወተት እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ከተቆረጠበት ጠብ ብሎ ማጅራቴ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣበቃል። በእጄ ብጠርገው አልለቅ አለኝ።

ጀናዛው ደርሶ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ሰው ሁሉ አየ። ሲራጅ ሲሞት ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ብሎ ነበር። ጉድጓዱ በእግሩ በኩል ከአንድ ክንድ በላይ ተረፈ። አፈሩን መለስን። በጥድፊያው መሀል ዘንጉን መስበር ተረሳ፤ እንዲያውም አንዱ እርጥብ ቅጠል መቃብር ላይ ማኖር ደግ ነው ብሎ ከራስጌው፣ ከተቆለለው አፈር ላይ ተከለው። ሰው ተበተነ። ጉብታውን ስወርድ ዞሬ አየሁት። ሲራጅ ከአፈሩ ሥር፣ የኔ ቁመት ከአፈሩ በላይ ቆሞ።

ሸህ ኡመር ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ምንም አላሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታ ሲሰጡኝ እጄን ይዘው ያቆዩት ነበር። መጥፎ ነገር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ሾላው አቆጠቆጠ። መጀመሪያ ከአናቱ፣ እኔ አናት በነበርኩበት በኩል፣ ሁለት ቅጠል አወጣ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ መዳፍ አከለ። መስከረም ካለቀ ወዲህ እኔ መሳል ጀመርኩ። መኪናውን ተውኩ፤ ጠዋት ስነሳ ልብሴ ከወንዝ የወጣ ይመስላል። ቀበቶዬን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፣ ጥቂት ቆይቼ ሌላ በሳሁ። የወንድሜ ሚስት ሳህኔን ለየችብኝ፤ አልፈርድባትም፣ ልጆች አሏት። በየሳምንቱ እየሄድኩ ሾላውን አየዋለሁ። እሱ ቅጠል ሲጨምር እኔ ሥጋ እቀንሳለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ለማን ይነገራል?

ሳሉ የኔ እንዳልሆነ ያወቅሁት ኅዳር ላይ ነው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ በቀትር ነፋስ ሲነካው ሰው የሚሄድበት ይመስላል። አስፋልቱ ላይ ማንም የለም። ከቀብሩ ወዲህ በሲራጅ እናት ደጅ ማለፍ እፈራ ነበር፤ ያን ዕለት ግን መዞሪያውን መንገድ ለመሄድ ጉልበት አጣሁ። አጥሯ ጋ ስደርስ ሳሉ ያዘኝ። ሁለት አጭር። ዝም አለ። ከዚያ ረዥሙ።

በሩ ተከፈተ። እናቱ የሞቀ ውሃ በጣሳ ይዛ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ "መጣሁ፣ መጣሁ ልጄ" እያለች ወጣች። አምስት ስድስት እርምጃ ተራምዳ ነው ያየችኝ። ቆመች። እኔም ቆምኩ። ስምንት ወር ሙሉ ልጇ በሳለ ቁጥር እንዲህ ውሃ ይዛ ስትሄድ ኖራለች። እግሯ ከሷ ቀድሞ ነው የተነሳው። ከንፈሯ የሲራጅን ስም ሊጠራ ተከፍቶ ነበር።

"ሙሄ" አለች፣ ጣሳውን ዘርግታ። "ጠጣ።"

እናቱን ሁላችንም አዮ ነው የምንላት፤ እናት ማለት ነው። ጣሳውን አውቀዋለሁ፣ ከንፈሩ ላይ ጭረት አለው። ጠጣሁ። ከዚያ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዓይኗን ጨፈነችና፣ "እስኪ ድገመው" አለችኝ።

መሞከር አላስፈለገኝም፤ ራሱ መጣ። ዓይኗን እንደጨፈነች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ሌላ ሰው ሆና ነው። ማታ ማታ ያልብሃል? ከመቼ ጀምሮ ነው? ደም አለው? ሁሉንም ጠየቀችኝ።

"አዮ፣ በከንቱ አትድከሚ" አልኳት። "እኔ ተለክቻለሁ።" የሾላውን ነገር ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

አልሳቀችም፣ አላባበለችኝም።

"ይህን ሳል አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ቀብሬዋለሁ" አለች። "ሁለተኛ ከሰው ጋር አልቀብረውም። ነገ ጠዋት ሱሪህን ጠበቅ አድርገህ ና።"

በማግስቱ እስከ ከሚሴ ድረስ በየጥላው እያረፍን ሄድን። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበሩት አንድ አረጋዊ ድሬሰር ናቸው፤ እኛ ግን ዶክተር ነበር የምንላቸው። አክታዬን በዕቃ አስተፍተው አዩና ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። እኔም ለመገላገል ብዬ የሲራጅን ወረቀት፣ አብረን የዋልንበትን መንገድ ሁሉ ነገርኳቸው። ደሜም እንደሱ ነው፣ ስለዚህ አልድንም አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሁለት በሽታ ነው፣ አንድ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "የደሙ በሽታ በሩን ከፈተ። ጓደኛህን ገብቶ የገደለው ግን ሳሉ ነው። ደሙ እንዲህ የሆነበትን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ይኸው ነው። ለደሙ ዛሬ መድኃኒት የለኝም። ለሳሉ አለኝ፣ በነፃ ነው፣ ይድናል።"

አዮ ከኋላዬ ቆማ ነበር። "ለሲራጅም ይሆን ነበር?" አለች።

ሰውየው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ይሆን ነበር።"

"ስንት ጊዜ ይዋጣል?"

"ስምንት ወር።"

ግድግዳውን ያዘች። "ስምንት ወር ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። "ስምንት ወር ነው በሩን ዘግቼ የተቀመጥኩት።"

አላለቀሰችም። ካርድ ላይ ተጠሪ ይጻፋል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ሲውጥ የሚያይ ሰው። እኔ ነኝ አለች። ምኑ ነዎት ሲሏት እናቱ ነኝ አለች። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው የሞተችው፤ ልናገር ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ስሟን ተናገረችና አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። እንደዚያ ያለ ስም እንዳላት ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ለሰፈሩ ሁሉ የሲራጅ እናት ናት፣ ለኛ አዮ።

የወንድሜን ልጆች እንዳላስይዝ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ያው የኋላው ክፍል። ድሬሰሩ ነፋስና ፀሐይ ይግባ ስላሉ ጆንያውን ከመስኮቱ ነቅላ ጣለችው። ብርሃኑ ሲገባ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሲራጅ መተኛት አቅቶት ተቀምጦ ሲስል ራሱን የሚደገፍበት ቦታ፣ ከላቡ ብዛት ጭቃው ጠቁሮ የራስ ቅርጽ ወጥቶበታል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ብል ራሴ ልክ እዚያው ገባ። አዮ አየች። በማግስቱ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መረገችው፤ ሲደርቅ ግን ያ ቦታ ከሌላው ዘግይቶ ደረቀ።

በየማለዳው እየሄድን ድሬሰሩ ፊት መድኃኒቱን እውጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሽንቴ እንደ ደም ቀልቶ አይቼ፣ አበቃልኝ ብዬ ከጓሮ እየሮጥኩ መጣሁ። መድኃኒቱ እንደሚያቀላው ነግረውኝ ነበር፣ ረስቼው ነው። አዮ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ "መሮጥ ከቻልክስ አብሽር" አለችኝ፤ አይዞህ ማለቷ ነው። ረሃቡ ተመለሰ። የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ የአብሽ ውሃ፣ ከአፋር ሴቶች የተገዛ የግመል ወተት። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ተመለሰ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሳሉ ተወኝ። ድንገት ነው የተወኝ፤ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አልነበረም። ወጥቼ አዮን ደጅ ተቀምጣ፣ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ደስ አይልሽም ወይ አልኳት።

"ደስ ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። "ጆሮዬ ግን ይጠብቀዋል።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጇን በድምፅ ሁለት ወር አቆይቼላት ነበር። የኔ መዳን ለሷ ሁለተኛ ቀብር ነው። እያወቀች ነው ያዳነችኝ።

ከዚያ ደሜን ልመረመር ደሴ ተላክሁ። ያንኑ ወረቀት፣ የሲራጅን ወረቀት፣ በስሜ ይዤ ተመለስኩ። ባውቀውም በዓይን ማየት ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኪኒኑ ለቤት የሚሰጥበት ደርሶ ነበር፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። አልውጥም አልኩ። አንዱን ብገላገል ሌላው ይጠብቀኛል፣ ጉድጓዱም ተርፎ ቆይቶኛል አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አልዋጥኩም። እሷም አልተከራከረችኝም።

በሦስተኛው ቀን በቀትር ጣሳውን ውሃ ሞልታ ተነሣ አለችኝ። ወደ ጉብታው ወጣን። እሷ ከቀብሩ ወዲህ አልመጣችም፤ እኔም ጉልበቴ ከደከመ ወዲህ አላየሁትም። በዙሪያው ሁሉ ሣሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ሾላው ብቻውን አረንጓዴ ነው። ነፋስ የለም፣ ቅጠሉ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ወይም ለኔ እንደዚያ መሰለኝ።

"ቁም፣ ጀርባህን ስጠው" አለችኝ።

ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ እጇን ሳታነሣ እንድዞር አደረገችኝ። ገጀራው ያለፈበት ጠባሳ ከእጇ እኩል ነው። ከጠባሳው በላይ ግን ሾላው ሁለት ክንድ ያህል ወጥቶ፣ ቅርንጫፍ አብጅቶ ሄዷል።

"አየህ" አለች። "ትቶህ ሄዷል። ልክህ አይደለም ከእንግዲህ። የማንም ልክ አይደለም፣ ዛፍ ነው።"

ቋጠሮዋን ፈታች። ኪኒኑን መዳፌ ላይ አኖረች፣ ጣሳውን ሰጠችኝ። እዚያው፣ በሲራጅ ራስጌ፣ ዋጥኩ። የተረፈውን ውሃ ሾላው ሥር ደፋችው።

ስምንት ወሩን ጨረስኩ። የደሙ መድኃኒት ወደኛ እስኪደርስ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ሲደርስ እኔ ነበርኩ። አዮ ይህን አይታ ብዙ ቆይታ ነው የሞተችው። ልኳን የያዘውን ዘንግ በገዛ ጉልበቴ ሰብሬ አፈር ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አየሁት መሰበሩን። ሾላው ዛሬ ጉብታውን ሁሉ ያጠላል። ሲያፈራ ሰው አይበላለትም፣ ወፎች ብቻ ናቸው። አንዳንድ ቀን ሄጄ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ጠባሳው እንደኔ እርጅና ይዞት ሰፍቷል፤ ከፍታው ግን ያው ነው፤ እኔ ነኝ አጥሬ ከሥሩ የቀረሁት።

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ ያ ሳል ከደጅ ሲሰማ ሲስተሯን አንዴ ታገሽኝ ብዬ ወጣሁ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ሻርፕ የተከናነበች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። የያዝኩትን የላስቲክ ውሃ ሰጠኋት። ጠጣች። እስኪ ድገሚው ልላት አፌ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ከማን ጋር እንደመጣች ጠየቅኋት፤ ብቻዬን አለች። ሳሉን ለማን ነገርሽ ብላት ለማንም አለች። አየር ወዳለው በኩል አብረን ተዛወርንና፣ ተራዋ ሲደርስ አብሬያት እንደምገባ ነገርኳት። ሳል ከያዘው ሰው ጋር አይሞትም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ የሚጠብቀው ውሃ ይዞ የሚወጣለትን ሰው ነው እላለሁ። የተማረ ሰው በሌላ መንገድ ይነግራችሁ ይሆናል።

ሲስተሯ ጠራችኝ። ዓመቱን በግምት እሞላዋለሁ፣ አይጨነቁ አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ መድኃኒቱን ያስጨረሰዎት ተጠሪ ማን ነበር አለች። ይህን ለማስታወስ ዛፍ አላስፈለገኝም።

"ጻፊ" አልኳት። "ሉባባ እንድሪስ። እናቴ ናት።"